አዊ፦ ተጓዥ አልፎት የሚሄደው የመስህብ ምድር

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስና በቡሬ በኩል ወደ ባህር ዳር የሚያቀና መንገደኛ እንጅባራንና ዳንግላን ማቋረጡ የግድ ነው። ሁለቱ የአዊ ከተሞች በዋናው የአስፋልት መንገድ ላይ የሚገኙ ቢሆኑም ብዙው ተጓዥ ከምሳ ወይም ከሻይ ያለፈ ቆይታ ሳያደርግባቸው ወደ ጣና ገዳማትና ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ያመራል። ከመንገዱ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ የሚገኘው ሐይቅ፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚከበረው የፈረሰኞች በዓልና በመንገድ ዳር ተደርድሮ የሚታየው የቀርከሃ ሥራ ግን አንድ ወይም ሁለት ቀን የሚያስቆዩ ናቸው።

የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር በአማራ ክልል ከዋግ ኽምራና ከኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደሮች ጋር የራሳቸው የብሔረሰብ ምክር ቤት ካላቸው ሦስት አስተዳደሮች አንዱ ነው። ዋና ከተማው እንጅባራ ሲሆን፣ ከባህር ዳር በስተደቡብ በ120 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ በ450 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ትገኛለች። ነባር ነዋሪዎች ከተማዋን ኮሶበር በሚለው ስምም ይጠሯታል። ከባህር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረችው እንጅባራ ዝናብ የሚበዛባትና ብርድ የሚጠናባት ከተማ ናት። ዳንግላ ዝቅ ባለ ሥፍራ ላይ በመገኘቷ የአየር ጠባይዋ ለዘብ ያለ ነው። አስተዳደሩ ከእነዚህ ደጋማ ሥፍራዎች ተነስቶ በምዕራብ እስከ ጃዊ ቆላ ይዘልቃል።

የአካባቢው ሕዝብ ቋንቋ አውንግኛ ነው። አውንግኛ ከኩሽ ቋንቋዎች የሚመደብ ሲሆን፣ በዋግ ኽምራ ከሚነገረው ኽምጣንጋና በኤርትራ ከሚነገረው ብሌን ጋር የአገው ቋንቋዎች ቤተሰብ ነው። በአስተዳደሩ የሥራ ቋንቋ ከመሆኑም በላይ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል። ሕዝቡ ራሱን "ሰባት ቤት አገው" ብሎ ይጠራል። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ስያሜው ከሰባት ወንድማማቾች የመጣ ሲሆን፣ አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ቻራ፣ ኳኩራ፣ ዚገምና መተከል የሚባሉት የቦታ ስሞች ከእነርሱ የተወረሱ ናቸው። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ዛሬ የወረዳ መጠሪያ ሆነው ያገለግላሉ።

በአዊ ከሚጎበኙ የተፈጥሮ ሀብቶች ቀዳሚውን ሥፍራ የሚይዘው የዘንገና ሐይቅ ነው። ሐይቁ ከእንጅባራ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ፣ ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ይገኛል። ዙሪያውን በገደልና በደን የተከበበ ክብ ሐይቅ በመሆኑ ጎብኚው ከአፋፉ ቆሞ መላ ውሃውን በአንድ እይታ ለማየት ይችላል። በገደሉ አናት ላይ በእግር መዘዋወር፣ ወፎችን መመልከትና ፎቶግራፍ ማንሳት በሥፍራው የሚዘወተሩ መዝናኛዎች ናቸው።

የሐይቁ ክብነት ከአፈጣጠሩ የመነጨ ነው። ከምድር ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣ ቅልጥ ዓለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሲገናኝ ውሃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል። የእንፋሎቱ ግፊትም መሬቱን በፍንዳታ ይበሳዋል። ፍንዳታው ካበቃ በኋላ የሚቀረው ጉድጓድ በዝናብና በከርሰ ምድር ውሃ ሲሞላ እንደ ዘንገና ያለ ሐይቅ ይፈጠራል። በዚሁ ምክንያት እንዲህ ያሉ ሐይቆች ስፋታቸው አነስተኛ፣ ጥልቀታቸው ግን ከፍተኛ ይሆናል። በሐይቁ ላይ የተካሄዱ ጥናቶች የዘንገና ጥልቀት እስከ 166 ሜትር እንደሚደርስ ያመለክታሉ። በአንጻሩ በአገሪቱ በስፋቱ ቀዳሚ የሆነው የጣና ሐይቅ ከፍተኛ ጥልቀት 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ይህ ተፈጥሮ ለሐይቁ ውበትም ለአደጋ ተጋላጭነቱም ምክንያት ነው። ሐይቁ ውሃውን ጠርጎ የሚያወጣ ወንዝ ስለሌለው በዙሪያው ካለው መሬት ታጥቦ የሚገባ አፈር፣ ከእርሻ የሚመጣ ማዳበሪያና ጎብኚ ጥሎት የሚሄደው የፕላስቲክ ጠርሙስ እዚያው ይቀራል። አፈሩን አቅፎ የያዘው በገደሉ ላይ ያለው ደን ነው። ደኑ ከተመናመነ ሐይቁን ከደለል የሚከላከል ሌላ አጥር የለም። በመሆኑም የዘንገና ጥበቃ የሚጀምረው ከውሃው ሳይሆን ከአፋፉ በላይ ካለው መሬት ነው።

በአስተዳደሩ በተመሳሳይ ሁኔታ የተፈጠረው ሌላው ሐይቅ ጥርባ ነው። ከዘንገና ይልቅ ከዋናው መንገድ ራቅ ያለ በመሆኑ የሚጎበኘው ሰው ጥቂት ነው። ከሐይቆቹ በተጨማሪ ፋንግና ዶንዶር የተባሉት ፏፏቴዎች ይጠቀሳሉ። ፏፏቴዎቹ በሙሉ ኃይላቸው የሚወርዱት ክረምቱ በሚያበቃበት በመስከረምና በጥቅምት ወራት ሲሆን፣ በዚያ ወቅት መሬቱ ገና ያልደረቀ በመሆኑ ጎብኚዎች ጠንካራ ጫማ መጫማትና የአካባቢውን ሰው በመንገድ መሪነት መያዝ ይኖርባቸዋል።

አዊን ከሌሎች አካባቢዎች ጎልቶ እንዲታወቅ ያደረገው ግን ፈረስ ነው። በአብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋ ማሳ የሚታረሰው በበሬ ሲሆን፣ በአዊ ፈረስ ጠምዶ ማረስም የተለመደ ነው። ፈረስ ለመጓጓዣ፣ ለጭነት፣ ለሠርግና ለለቅሶም ያገለግላል። ኮርቻውና ልጓሙ በቀለማት ያጌጠ ፈረስ ለባለቤቱ የክብር መለያ ነው።

ይህ ባህል በማኅበር የተደራጀው በ1932 ዓ.ም ነበር። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው ፈረሶች በአድዋ ጦርነት ለነጻነት የከፈሉትን ዋጋ ለመዘከር እንደሆነ ይነገራል። ጊዜው ጎጃም በጣሊያን ወረራ ሥር ሆኖ አርበኞች በየዱሩ ይዋጉ የነበረበት ወቅት ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም የተገኘውን ድል የሚያስታውስ ማኅበር በዚያ ወቅት መቋቋሙ ለታሪኩ ልዩ ትርጉም ይሰጠዋል። በጥቂት አባላት የተጀመረው ማኅበር ዛሬ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላትን ያቀፈ ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም 82ኛ ዓመቱን አስቆጥሯል።

የማኅበሩ ዓመታዊ በዓል የሚከበረው ጥር 23 ቀን፣ በወርኃዊው የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ነው። በበዓሉ ከየወረዳው የሚመጡ ፈረሰኞች በእንጅባራ ተሰባስበው ጉግስ፣ ሽምጥ ግልቢያና ሌሎች ትርዒቶችን ያሳያሉ። ማኅበሩ ከበዓሉ ባሻገር የተጣሉትን በማስታረቅ፣ ሐዘን የደረሰበትን አባል በማጽናናትና የተቸገረውን በመርዳት ይታወቃል። በዚህም ምክንያት በዓሉን ለቱሪስት ከሚዘጋጅ ትርዒት ጋር አንድ አድርጎ መመልከት አይገባም። ጎብኚ የሚጋበዘው ሕዝቡ ለራሱ ወደሚያከብረው በዓል ነው። መስቀልን፣ ፍቼ ጫምባላላን፣ የገዳ ሥርዓትንና ጥምቀትን በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው አሠራርም በቅድሚያ የሚጠይቀው የባህሉ ባለቤት የሆነው ሕዝብ ፈቃድና ተሳትፎ መረጋገጡን ነው።

የአዊን የእጅ ሥራ ለመመልከት የሚሻ ጎብኚ ቀርከሃን ሊያልፈው አይችልም። ደጋማዎቹ ወረዳዎች የደጋ ቀርከሃ ከሚበቅልባቸው የአገሪቱ አካባቢዎች ይመደባሉ። አርሶ አደሩ ቀርከሃን በጓሮው ተክሎ ለቤት መሥሪያ፣ ለአጥርና ለቅርጫት ይጠቀምበታል። በእንጅባራ ዙሪያ ደግሞ ወንበር፣ ጠረጴዛና መደርደሪያ ተሠርቶ በመንገድ ዳር ለሽያጭ ይቀርባል። ቀርከሃ አንድ ጊዜ ከተተከለ ከሥሩ እያቆጠቆጠ የሚቀጥል በመሆኑ የደረሰውን ብቻ እየመረጡ በመቁረጥ ለረጅም ዓመታት ለመጠቀም ያስችላል።

በፋግታ ለኮማ ወረዳ ጎብኚውን የሚቀበለው ሌላ ገጽታ ነው። በወረዳው አርሶ አደሮች "ዲከረንስ" በሚል ስም የሚታወቀውን የግራር ዝርያ በማሳቸው ላይ ያለማሉ። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክላሉ፤ በሁለተኛው ዓመት በመካከሉ የበቀለውን ሣር ለከብት መኖ ያጭዳሉ፤ አራትና አምስት ዓመት ሲሞላው ዛፉን ቆርጠው ከሰል ያከስላሉ። መሬቱም ተመልሶ ይታረሳል። ተክሉ ናይትሮጅንን ወደ አፈር የሚመልስ በመሆኑ በአሲዳማነት የተጎዳው መሬት ለምነት እንዲያገኝ አግዟል። አሠራሩ በአንድ ወቅት የተራቆተውን ኮረብታ አረንጓዴ ያለበሰና ለብዙ ቤተሰብ የገንዘብ ምንጭ የሆነ በመሆኑ ከተመራማሪዎች ትኩረት አግኝቷል። ይሁን እንጂ በቅርብ ዓመታት የተከሰተ የፈንገስ በሽታ ተክሉን ክፉኛ በመጉዳቱ በአንድ የገቢ ምንጭ ላይ ብቻ መተማመን የሚያስከትለው አደጋ በግልጽ ታይቷል። ቱሪዝም ለአዊ አርሶ አደር ትርጉም የሚኖረውም እንዲህ ያለውን ክፍተት በከፊል ሊሸፍን የሚችል ተጨማሪ ገቢ ሆኖ ሲገኝ ነው።

ዳንግላ በበኩሏ ለታሪክ ወዳዶች የምትሆን ከተማ ናት። እንግሊዛዊው ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የአገሩ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠው በዳንግላ ነበር። ከዚያ እየተነሳ የጣናን ሐይቅና የዓባይን ሸለቆ በማጥናት ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1936 በመጽሐፍ አሳትሟል። በ1933 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት በጎጃም በኩል ሲመለሱም በዳንግላና በእንጅባራ የነበረው የጣሊያን ጦር ምሽጎቹን ለቆ ወደ ባህር ዳርና ወደ ቡሬ አፈግፍጓል።

ከአዊ ጋር በሚዋሰነው የምዕራብ ጎጃም ሰከላ ወረዳ የሚገኘው ግሽ ዓባይ በዚሁ ጉዞ ሊካተት ይችላል። ከዚህ ምንጭ የሚነሳው ግልገል ዓባይ የጣና ዋነኛው ገባር ነው። ምንጩን አይተው በጽሑፍ ካሰፈሩት አውሮፓውያን ቀዳሚው ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1618 ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በሥፍራው የደረሰው ከዚያ ከ150 ዓመታት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1770 ነው። በሌላ አቅጣጫ ከእንጅባራ ተገንጥሎ በቻግኒ በኩል ወደ ጉባ የሚዘልቀው መንገድ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ወደተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ያደርሳል። በመሆኑም እንጅባራ የዓባይን መነሻና ግድቡን በአንድ የጉዞ መስመር ለማገናኘት የምትችል ከተማ ናት።

ለጉብኝት ተስማሚው ወቅት ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። ለስብሰባ ወይም ለመስክ ሥራ ወደ ባህር ዳር የሚመላለስ የመንግሥት ሠራተኛ በእንጅባራ አንድ ሌሊት ቢያድር በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ዘንገናን፣ በማግስቱ ጠዋት የቀርከሃ ሥራውን ተመልክቶ በዳንግላ በኩል ጉዞውን ሊቀጥል ይችላል። ግሽ ዓባይን ወይም ፏፏቴዎቹን ለመጨመር አንድ ተጨማሪ ቀን ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በክልሉ የተከሰተው የጸጥታ ችግር የጎብኚዎችን እንቅስቃሴ የገታ በመሆኑ ተጓዦች ከመነሳታቸው በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው አስተዳደር ማጣራት ይገባቸዋል።

በሜዲትራኒያን ዳርቻ የሚገኙት የስፔን ግዛቶች ያለፉበት ሂደት ለዘርፉ ኃላፊዎች የሚያስተምረው ነገር አለ። ከ70 ዓመታት በፊት ብዙዎቹ የዓሣ አስጋሪዎች መንደሮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2024 ስፔን ወደ 94 ሚሊዮን የሚጠጉ የውጭ ጎብኚዎችን አስተናግዳለች። በዚያው ዓመት ግን የባርሴሎና፣ የማሎርካና የማላጋ ነዋሪዎች የቱሪስት ብዛት የቤት ኪራይን አንሮብናል በማለት ሰልፍ ወጥተዋል። የጎብኚ ቁጥር ማደግ ብቻውን የነዋሪውን ኑሮ እንደማያሻሽል ይህ በቂ ማሳያ ነው።

አዊ ከዚህ ደረጃ እጅግ የራቀ ቢሆንም ውሳኔዎቹ የሚወሰኑት ዛሬ ነው። በዘንገና አፋፍ ላይ ሊሠራ የሚገባው ግንባታ ምን ያህል እንደሆነ፣ የመኪና ማቆሚያውና ቆሻሻ ማስወገጃው ከውሃው ምን ያህል መራቅ እንዳለበት፣ ከመግቢያ ክፍያው ደኑን ለሚጠብቀው የአካባቢ ነዋሪ የሚደርሰው ድርሻ ስንት እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል። የሠለጠኑ አስጎብኚዎችና ንጹሕ ማረፊያዎች እንዲሁም ከዋናው መንገድ ላይ አቅጣጫ የሚያሳዩ ምልክቶች ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ቢሆኑም የተጓዡን ቆይታ ሊያራዝሙ የሚችሉ ናቸው። ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ ተማሪዎችን ተቀብሎ በማስተማር ላይ የሚገኘው የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲም የሐይቁን ውሃና የደኑን ሁኔታ በየጊዜው በመከታተል ለውሳኔ ሰጪዎች መረጃ ለማቅረብ የሚያስችል ቅርበት አለው።

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከሰማንያ ዓመታት በላይ የቆየው በአባላቱ መዋጮና በሕዝቡ ፍላጎት ነው። የዘንገና ደንም እስከ ዛሬ የደረሰው በዙሪያው ያለው ነዋሪ ስለጠበቀው ነው። ተጓዡ በእንጅባራ ቢያድር ገንዘቡ የሚደርሰው ለእነዚሁ ሰዎች በሚሆንበት መንገድ ሥራው ከተዘረጋ፣ ሐይቁንም በዓሉንም ጠብቆ ለማቆየት የሚያበቃ ምክንያት ይኖራቸዋል።