ስልኩ ደብተር ሲሆን፦ ድምፅ፣ ቪዲዮና ፎቶ ማቀናበሪያ መሣሪያዎች በገጠር ክፍል ውስጥ

የመኸር ሰብል በሚሰበሰብበት ወቅት በገጠር ትምህርት ቤቶች የተማሪ ወንበር ባዶ ሆኖ መታየቱ የተለመደ ነው። ልጁ ለአጨዳ፣ ለውቂያ ወይም ለከብት ጥበቃ ይፈለጋል፤ ልጅቷም ውኃ ከመቅዳትና ለደቦው ምግብ ከማድረስ አትተርፍም። በዚያ ሳምንት የሚሰጠው ትምህርት ግን ማንንም አይጠብቅም። ልጁ አዝመራው ተከቶ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ጓደኞቹ ርቀው ሄደዋል። አንዴ የተፈጠረው ክፍተት በየዓመቱ እየሰፋ ሲሄድ ብዙዎችን ትምህርት እስከ ማቋረጥ ያደርሳል።

ለዚህ ችግር ሙሉ መፍትሔ ባይሆንም ብዙ ወጪ የማይጠይቅ አንድ መንገድ አለ። መምህሩ የዕለቱን ትምህርት ፍሬ ነገር በአሥር ደቂቃ ድምፅ ቀርጸው በሚሞሪ ካርድ ቢሰጡ፣ ልጁ ከብቱን እየጠበቀ ሊያዳምጠው ይችላል። ለማዳመጥ ዘመናዊ ስልክ አያስፈልገውም፤ ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል ተራ ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃዋል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ትምህርት በድምፅ፣ በቪዲዮና በፎቶ ለማዘጋጀት የሚያገለግሉ መሣሪያዎች ምን እንደሆኑ፣ በክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚሠራባቸውና ምን ጥንቃቄ እንደሚሹ ያስረዳል።

ነገሩ ለሀገራችን አዲስ አይደለም

ትምህርትን በድምፅና በምስል ማድረስ በኢትዮጵያ የቆየ ልምድ ነው። የትምህርት በሬዲዮ ፕሮግራሞች ለአሥርት ዓመታት በየክፍሉ ተደምጠዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በሳተላይት የሚሰራጨውና ሕዝቡ «ፕላዝማ» እያለ የሚጠራው የቴሌቪዥን ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተጀመረ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉም ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ቴሌግራም የመምህሩን ቦታ ለመሸፈን ሞክረዋል።

ከእነዚህ ልምዶች የተገኘ አንድ ትምህርት አለ። የፕላዝማው መምህር በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ፍጥነቱም የራሱ ነው። ተማሪው ያልገባውን ነገር ቆም ብሎ እንዲደግምለት ሊጠይቀው አይችልም። በክፍሉ መምህርና በተማሪዎች የሚዘጋጅ ድምፅ ወይም ቪዲዮ ግን ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ይደገማል። ከሁሉም በላይ ተማሪው በሚያውቀው ቋንቋና በሚያውቀው ማሳ ላይ የቆመ ነው።

ፖድካስት፦ ለጊዜው የማይቸኩል ሬዲዮ

ፖድካስት አድማጩ በፈለገው ሰዓት ከፍቶ የሚያዳምጠው የድምፅ ዝግጅት ነው። ቃሉ የተፈጠረው በ1996 ዓ.ም ሲሆን «አይፖድ» ከተባለው የሙዚቃ ማጫወቻና ስርጭት የሚል ትርጉም ካለው የእንግሊዝኛ ቃል የተገጣጠመ ነው። ሬዲዮ ሰዓቱን ጠብቆ የሚያዳምጡት ሲሆን፣ ፖድካስት በአንጻሩ አድማጩን የሚጠብቅ ነው።

ለድምፅ ማቀናበሪያነት በብዙ ሀገራት ትምህርት ቤቶች የሚታወቀው ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። አንድ ጊዜ በኮምፒውተር ላይ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ድምፅን ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፣ ከፍና ዝቅ ያደርጋል፣ የነፋስና የሞተር ሁካታንም ይቀንሳል። ሁካታውን ለመቀነስ ግን ፕሮግራሙ በመጀመሪያ ሁካታው ብቻውን ምን እንደሚመስል ማወቅ አለበት። ስለዚህ ተናጋሪው ከመጀመሩ በፊት አምስት ሰከንድ ያህል ዝም ተብሎ ይቀረጻል። ያ ዝምታ በኋላ ለማጥሪያው እንደ ናሙና ያገለግላል።

ጥሩ ድምፅ የሚገኘው ግን ከማቀናበሪያው ይልቅ ከቀረጻው ነው። ስልኩ ከተናጋሪው አፍ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ። ሜዳ ላይ ከሆነ በማይክሮፎኑ ላይ ስስ ነጠላ ጣል ማድረግ የነፋሱን ድምፅ ያበርደዋል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናብ እየዘነበ መቅረጽ ግን ልፋት ነው። ባዶ ክፍል ድምፅን የሚያስተጋባ በመሆኑ ግድግዳው ላይ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ መስቀል ይረዳል።

ቪዲዮ፦ የሦስት ወር ሥራ በሦስት ደቂቃ

ቪዲዮ የሚጠቅመው እጅ የሚሠራውን ዓይን ማየት ሲኖርበት ነው። የኮምፖስት ዝግጅትን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ከጉድጓድ ቁፋሮው አንሥቶ ደረቅና እርጥብ ቅጠሉን፣ እበቱንና አፈሩን በየተራ እስከ መደርደር፣ ከዚያም እስከ ማገላበጥና እስከ መብሰል ድረስ ሥራው ወራት ይፈጃል። መምህሩ ይህን ሁሉ በአንድ የአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ማሳየት አይችሉም። ተማሪዎች በየሁለት ሳምንቱ ከአንድ ቦታ ሆነው ጥቂት ሰከንድ ቢቀርጹና ቢያገጣጥሙት ግን ለውጡ ሁሉ በሦስት ደቂቃ ይታያል።

ለዚህ ሥራ ካፕከት የተባለው መተግበሪያ በስልክም በኮምፒውተርም ይሠራል፤ አንዳንድ አገልግሎቶቹ ክፍያ ይጠይቃሉ። የማይክሮሶፍት ኩባንያ ንብረት የሆነው ክሊፕቻምፕ ደግሞ በኢንተርኔት መክፈቻ ውስጥ የሚሠራ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ነው።

ለጀማሪ ሦስት ነጥቦች ይበቃሉ። የመጀመሪያው ስልኩን አግድም መያዝ ነው። ሁለተኛው ፀሐይን ወይም መስኮትን ከቀራጩ ጀርባ ማድረግ ነው፤ አለዚያ የተቀራጩ ፊት ይጠቁራል። ሦስተኛው አንዱን ሥራ ከሩቅ፣ ከመካከለኛ ርቀትና ከቅርብ መቅረጽ ነው፤ ከሩቅ ማሳው፣ ከመካከል ሰውየው፣ ከቅርብ እጁ ይታያል።

በሀገራችን ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት ከግብርናው ዘርፍ ጋር በመሆን ይህንኑ ዘዴ ለአርሶ አደሮች ሲጠቀምበት ቆይቷል። አርሶ አደሮች ራሳቸው የሚታዩበት አጭር ቪዲዮ ተቀርጾ በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ለጎረቤቶቻቸው ይታያል። ከሩቅ ከመጣ ባለሙያ ይልቅ የአካባቢውን ሰው በራሱ ማሳ ላይ ሲሠራ ማየት የበለጠ ያሳምናል የሚለው የአሠራሩ መሠረት ለትምህርት ቤትም ይሆናል።

ፎቶ፦ ማጉላት እንጂ ማሳመር አይደለም

በ2009 ዓ.ም ወደ ሀገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች በቆሎን ክፉኛ የሚጎዳ ተባይ ነው። ከሌሎች ትሎች የሚለይባቸው ምልክቶች ሁለት ናቸው። በግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ «ዋይ» ፊደል የሚመስል ነጣ ያለ መስመር አለው፤ በጅራቱ አጠገብም በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጥቦች ይታዩበታል። ትሉ ትንሽ ስለሆነ በተራ ፎቶ እነዚህን ምልክቶች መለየት ያስቸግራል። ተማሪው ፎቶውን ቆርጦ ቢያጎላው፣ በነጥቦቹ ላይ ክብ ቢያደርግና ቀስት ቢያመለክትበት ግን ፎቶው ማስተማሪያ ይሆናል።

ፎቶፒ የተባለው መሣሪያ በኢንተርኔት መክፈቻ ውስጥ በነፃ የሚሠራ ሲሆን ፎቶውን ወደ ሌላ ቦታ ሳይልክ እዚያው በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ያቀናብራል። ካንቫ ደግሞ ጽሑፍና ፎቶን አዋሕዶ የግድግዳ ማስተማሪያ ለማዘጋጀት ይመቻል፤ ለአንደኛና ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን የሚሰጥ ነፃ አገልግሎትም አለው።

እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ የስልክ ካሜራዎች ፎቶን የሚያሳምር የቀለም ለውጥ ያደርጋሉ። በግብርና ፎቶ ግን ቀለም ማስረጃ ነው። ቢጫ ዋግ በስንዴ ቅጠል ላይ ቢጫ ብናኝ በመስመር ይደረድራል፤ የግንድ ዋግ ደግሞ በአገዳው ላይ የሸክላ ቀለም ያለው ቁስል ያወጣል። ተማሪው ለማሳመር ብሎ ቀለሙን ቢለውጥ ፎቶውን የሚያየው የልማት ሠራተኛ በሽታውን በሌላ ሊያሳስተው ይችላል። መቁረጥ፣ ማጉላትና ምልክት ማድረግ ይፈቀዳል፤ የሰብሉን ቀለም መለወጥ ግን መከልከል አለበት።

ወጪው ምን ያህል ነው?

ለወላጅም ለመምህርም ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። አሥር ደቂቃ ንግግር በመጠነኛ ጥራት ሲቀመጥ አምስት ሜጋባይት ያህል ይይዛል። አሥር ደቂቃ ቪዲዮ በመካከለኛ ጥራት 150 ሜጋባይት ገደማ ይደርሳል። ይህም ማለት አንድ ቪዲዮ በሚፈጀው የኢንተርኔት ጥቅል 30 የድምፅ ትምህርቶችን መላክ ይቻላል። በመሆኑም በንግግር ብቻ የሚገባ ነገር በድምፅ፣ መታየት ያለበት ነገር ብቻ በቪዲዮ ቢዘጋጅ ይመረጣል።

ኢንተርኔት በሌለበትም መንገዱ አልተዘጋም። የተዘጋጀው ሥራ በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ፣ በሚሞሪ ካርድና በፍላሽ ያለ ክፍያ ይተላለፋል። በገበያ ቀን በገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል፣ በዕድር ስብሰባ ወይም በወላጆች ቀን ሊደመጥ ይችላል።

ክፍሉ እንዴት ይደራጅ?

ለእያንዳንዱ ተማሪ ስልክ አያስፈልግም። ለአምስት ተማሪዎች አንድ ስልክ ይበቃል። አንዱ ጠያቂ፣ አንዱ ቀራጭ፣ አንዱ ጽሑፍ አዘጋጅ፣ አንዱ አቀናባሪ፣ አምስተኛው ደግሞ ስሕተት ፈላጊ ይሆናል፤ በየጊዜውም ኃላፊነት ይለዋወጣሉ። ሥራው በስልኩ አይጀምርም። ተማሪዎቹ በመጀመሪያ የሚናገሩትን በወረቀት ይጽፋሉ፣ መምህሩ ያርማሉ፣ ከዚያ ይቀረጻል። የሚቀረጸው ነገር አስቀድሞ ካልታሰበበት ማቀናበሪያው ምንም ሊያደርግለት አይችልም።

የትምህርቱ ትልቁ ጥቅምም ያለው በዚህ ሂደት ውስጥ ነው። የሃያ ደቂቃ ቃለ ምልልስ ወደ አምስት ደቂቃ ለማሳጠር ተማሪው ደጋግሞ ማዳመጥ፣ ዋናውን ከተጨማሪው መለየትና ቅደም ተከተል ማስያዝ ይኖርበታል። ይህ የቋንቋ ትምህርት ነው። በተጨማሪም ድምፅና ምስል እንዴት እንደሚቆረጥ በገዛ እጁ ያየ ተማሪ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዘዋወር ቪዲዮ ሁሉ እውነት ነው ብሎ አይቀበልም። በቤቱም ለወላጆቹ «ይህ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል» ብሎ የሚያስጠነቅቅ ሰው ይሆናል።

መቁረጥ ኃላፊነት ነው

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በግብርና ኮሌጅ ሳለ አንድ አርሶ አደር ስለ አረም ኬሚካል ርጭት የተናገሩትን ቀርጾ የማሳጠር ሥራ ተሰጥቶት ነበር። አርሶ አደሩ በጤፍ ማሳ ላይ ቱ ፎር ዲ የሚረጨው ጠዋት መሆኑን ከተናገሩ በኋላ ነፋስ ካለና አጠገቡ ባቄላ ከተዘራ ግን እንደማይረጭ አክለው ነበር። አዘጋጁ ደቂቃ ለመቆጠብ ሲል ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ቆረጠው። አርሶ አደሩ የተቀናበረውን ሲሰሙ ድምፁ የእርሳቸው ቢሆንም ነገሩ የእርሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። እውነት ነበራቸው። ኬሚካሉ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ተክል የሚያጠፋ በመሆኑ በነፋስ ከተወሰደ የጎረቤትን ባቄላ ያቃጥላል። የተቆረጠችው ዐረፍተ ነገር አንድ ማሳ ልታስከፍል ትችል ነበር። ሥራው እንደገና ተሠራ።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ አጭር ነው፤ የሰው ንግግር ከተቀናበረ በኋላ ለሌላ ሰው ከመድረሱ በፊት ተናጋሪው ራሱ ይስማው።

ሁለተኛው ጉዳይ ፈቃድ ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ ይከለክላል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የሰዎችን የግል መረጃ ለመጠበቅ የተደነገገ ነው። ስለሆነም ትምህርት ቤቱ የሕፃናትን ፊትና ድምፅ ከክፍል ውጭ ከማውጣቱ በፊት ከወላጅ በጽሑፍ ፈቃድ መቀበል ይገባዋል። ወላጅም ቀረጻው የት እንደሚደርስና ማን እንደሚያየው የመጠየቅ፣ ካላመነበትም እምቢ የማለት መብት አለው። ብዙ ጊዜ ግን ፊትን ማሳየት አያስፈልግም፤ ሥራውን የሚሠራውን እጅ መቅረጽ ይበቃል። የሰው ዘፈን አንሥቶ በማጀቢያነት መጠቀምም በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ስለሚያስጠይቅ፣ በተማሪዎቹ ዋሽንት ወይም ክራር ቢታጀብ ይሻላል።

ከየት ይጀመር?

መምህራን በአንድ የድምፅ ትምህርት ቢጀምሩ ይበቃል። ለቀጣዩ አጨዳ ከክፍል የሚቀሩትን ልጆች አስበው በሳምንት የአሥር ደቂቃ አንድ ትምህርት ቀርጸው ያስቀምጡ። ወላጆችም ልጆቻቸውን ለሥራ ሲፈልጓቸው ሚሞሪ ካርዱን ከመምህሩ ተቀብለው ቢሰጧቸው፣ ማታም ምን እንደሰሙ ቢጠይቋቸው ትምህርቱ ከአዝመራው ጋር አይቋረጥም። የከተማ ነዋሪዎች ደግሞ ቤት የተቀመጠ አሮጌ ነገር ግን የሚሠራ ስልክ ለአቅራቢያ ትምህርት ቤት ቢሰጡ ለአምስት ተማሪዎች የሚሆን መሣሪያ ሰጡ ማለት ነው።

ልጁ አዝመራው ተከቶ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ጓደኞቹ የደረሱበትን ትምህርት በጆሮው ይዞ ከገባ፣ ያ የአሥር ደቂቃ ድምፅ ሥራውን ሠርቷል።