የታማሚ እርምጃ በሰዓት ሲለካ

መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው ሕመም፥ ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቀው ኃይል በገዛ አካሉ ላይ ተነሥቶ የአንጎልንና የኅብለ ሰረሰርን ነርቮች ሽፋን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ለምድር ወገብ በቀረቡ አገሮች እምብዛም አይታይም። የያዘው ሰው ግን እግሩ ይዝላል፥ ሚዛኑም ይናጋል።

እንዲህ ያለው ታማሚ በማገገሚያ ሕክምና ሰንብቶ ወደ ቶጎጫሌ ቢመለስ ጎረቤት ሁሉ «ተሽሎታል» ይለዋል። ደግ ቃል ነው፤ ልክ ግን አይደለም። ሐኪሞች የሚመዝኑት በ25 ጫማ፥ ማለት በ7.62 ሜትር መንገድ ነው። ታማሚው ሳይሰናከል በሚችለው ፍጥነት ሁለት ጊዜ ይሄዳል፤ የሁለቱም ሰኮንድ አማካይ ይጻፋል። አስቀድሞ 10 ሰኮንድ የፈጀበት በኋላ በ8 ቢጨርስ፥ ከመቶ 20 ቀንሷልና እውነተኛ መሻሻል ይባላል። በ9 ተኩል ቢሆን የዕለት መለዋወጥ ሊሆን ይችላል።

መምህራን ሆይ፥ ይህን በትምህርት ቤት ኮሪደር ለመለካት የምትረዱ ብትኖሩ ፀሐይን አትርሱ። ሰውነት ሲሞቅ የተጎዳ ነርቭ መልእክት ማድረስ ይሳነዋል፤ ጀርመናዊው ሐኪም ኡትሆፍ እ.ኤ.አ. በ1890 ታማሚዎች በሥራ ሲደክሙ ዓይናቸው ለጊዜው እንደሚፈዝ ጽፎ ነበር፥ የሙቀቱ ምክንያትነትም በኋላ ታወቀ። ስለዚህ የፊተኛው በማለዳ፥ የኋለኛው በቀትር ቢለካ፥ የጠቀመው ሕክምና ከንቱ መስሎ ይታይና ታማሚው ልምምዱን ይተዋል። ሰዓቱ፥ ጫማውና ምርኩዙ አንድ ይሁኑ፤ ደጋፊም ከጎኑ አይለይ።

እስከ ገበያ የመሄድን ድካም ግን 7 ሜትር አይነግረንም፤ ለዚያ በ6 ደቂቃ የተጓዘው ርቀት ይለካል።