በኰሌጅ ዲግሪ መኰንን ስለ መሆን

በጅቡቲ ከተማ፣ በካርቲየ 5 የሚኖር ወላጅ፣ ልጁ የኰሌጅ ትምህርቱን ፈጽሞ ወደ ጦር ሠራዊት ለመግባት ቢመኝ አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም ዲግሪ በር ይከፍታል እንጂ በራሱ ማዕርግ አይሰጥም።

በአገራችን በ1927 ዓ.ም. የሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት በስዊድን መኰንኖች አስተማሪነት ተከፈተ። በ1950 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የሐረር ጦር አካዳሚም፣ ሁለተኛ ደረጃን የፈጸሙ ወጣቶችን በህንድ መኰንኖች እያስተማረ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ በምክትል መቶ አለቅነት ያስመርቅ ነበር።

ዛሬ ሥርዓቱ እንደየአገሩ ይለያያል። በእንግሊዝ የሳንድኸርስት ሥልጠና 44 ሳምንት ሲሆን ዲግሪ ግዴታ አይደለም። በአሜሪካ ግን ዲግሪ ያለው ዕጩ በምድር ጦር የዕጩ መኰንኖች ትምህርት ቤት 12 ሳምንት ያህል ሠልጥኖ ማዕርጉን ይቀበላል። ዲግሪ ያለውም ቢሆን መሠልጠኑ ያለ ምክንያት አይደለም፤ መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ሠላሳ ሰው በሌሊት መምራትን አያውቅምና።

ስለዚህ ወጣቱ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ አንደኛ፣ የዚያ አገር ዜግነት ያስፈልግ እንደ ሆነ፤ ሁለተኛ፣ ስሙ የሚጻፈው በዕጩ መኰንንነት ወይስ በተራ ወታደርነት እንደ ሆነ፤ ሦስተኛ፣ የአገልግሎቱ ግዴታ ስንት ዓመት እንደ ሆነ። ሁለተኛውን ሳይጠይቅ የፈረመ፣ ዲግሪውን በኪሱ ይዞ በተራ ወታደርነት ሊቀር ይችላል። ይህን አስቀድሞ ማስረዳት የወላጅም የሹምም ተግባር ነው።