የጋኑ ጸጥታ ብቻ የጠላን መድረስ አያረጋግጥም

አዲስ አበባ፦ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ በሚገኘው የጉለሌ ክፍለ ከተማ በዓል፣ ሠርግ ወይም ማኅበር ሲቃረብ በየቤቱ ጠላ ይጠመቃል። ጠላው ለመጠጣት መድረሱን መለየት ግን ከአጠማመቁ ያላነሰ ዕውቀት ይጠይቃል። ሳይደርስ የቀረበ ጠላ የጠጪውን ሆድ ሊያውክ ይችላል፤ ጊዜው ያለፈበት ደግሞ ኮምጥጦ እህሉን፣ ጌሾውንና ድካሙን ከንቱ ያስቀራል። ኪሳራው ጠላ ሸጠው ለሚተዳደሩ እናቶች የከፋ ነው።

አጠማመቁ ከቤት ቤት ቢለያይም መሠረቱ ተመሳሳይ ነው። በቅድሚያ ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾና ብቅል በውኃ ተበጥብጦ ጥንስስ ይሆናል። ከሁለት እስከ ሦስት ቀናት በኋላ ቂጣ፣ እንኩሮና ተጨማሪ ጌሾ ገብቶበት ድፍድፍ ይዘጋጃል። ድፍድፉ በውኃ ከቀጠነ በኋላ ጋኑ ተከድኖ ይታፈናል። ጠላው በአብዛኛው ከአምስት እስከ ሰባት ባሉት ቀናት ውስጥ ይደርሳል።

በጋኑ ውስጥ የሚከናወነው ሂደት መብላላት ይባላል። ብቅሉ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ሲለውጥ፣ እርሾ ደግሞ ስኳሩን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀይረዋል። መብላላት የሕያዋን ረቂቅ ተሕዋስያን ሥራ መሆኑን እ.ኤ.አ. ከ1857 ጀምሮ ባካሄዳቸው ምርምሮች ያስረዳው ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር ሲሆን፣ በጉለሌ ፓስተር እየተባለ የሚጠራው አካባቢም ስሙን የያዘው ከእርሱ ነው።

ጠማቂዎች የሚጠቀሙባቸው ምልክቶች ከዚሁ ሂደት ጋር የተያያዙ ናቸው። ጠላው በሚፈላበት ወቅት ጋኑ አጠገብ የመፍለቅለቅ ድምፅ ይሰማል፤ አየሩ የሚገፋው ድፍድፍም ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ስኳሩ ሲያልቅ ድምፁ ይቀንሳል፣ ድፍድፉ ይዘቅጣል፣ ጣፋጭነቱ ጠፍቶ የጌሾው ምሬት ጎልቶ ይወጣል፤ ጉሹም እያደር ይጠራል።

ይሁን እንጂ ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ብቻውን በቂ አይደለም። በተለይም በሐምሌና በነሐሴ የእንጦጦ ቅዝቃዜ ሲበረታ እርሾው ሥራውን ያዘገያል፤ አንዳንዴም ስኳሩ ሳያልቅ ያቆማል። በዚህ ጊዜ ጋኑ ጸጥ ቢልም ጠላው አልደረሰም። እንዲህ ያለው ጠላ በጀሪካን ወይም በጠርሙስ ተሞልቶ ጥብቅ ተደርጎ ከተከደነ፣ ሙቀት ሲያገኝ እንደገና ይፈላል። መውጫ ያጣው አየርም ጀሪካኑን ይነፋል፤ ጠርሙስ ከሆነ ፈንድቶ ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ይህን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ከጋኑ ጥቂት ጠላ ተቀድቶና ተጠልሎ፣ ሳይጠብቅ በተከደነ ዕቃ ሞቅ ባለ ቦታ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቀመጣል። እንደገና አረፋ ካወጣ ጋኑ ተጨማሪ ቀናትና ሙቀት ያስፈልገዋል። የቢራ ፋብሪካዎች ለዚሁ ዓላማ ሃይድሮሜትር የተባለውን የፈሳሽ እፍጋት መለኪያ ይጠቀማሉ። ስኳር ፈሳሹን ከባድ ስለሚያደርገው ስኳሩ ወደ አልኮል ሲለወጥ ልኬቱ ይወርዳል፤ ልኬቱ በተከታታይ ቀናት ሳይለወጥ ሲቀር መብላላቱ አብቅቷል ማለት ነው። መሣሪያው ለጠላም ሊያገለግል የሚችል ቢሆንም፣ አተላው ልኬቱን እንዳያዛባ ጠላው አስቀድሞ ሊጠለልና ሊጠራ ይገባል።

በሌላ በኩል ጋኑን በየሰዓቱ እየከፈቱ መመልከት ጉዳት አለው። አልኮልን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አየር ሲያገኙ ይበረታሉና። በመሆኑም ጠማቂዋ ጋኑን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ከፍታ ድምፁን፣ ድፍድፉንና ጣዕሙን በአንድነት ብትመለከት፣ በቅዝቃዜ ወራትም በቀን ቁጥር ብቻ ሳትወሰን ብትታገሥ፣ ጠላው ሳይደርስም ሆነ ሳይኮመጥጥ በጊዜው ለእንግዳና ለገበያ ይቀርባል።