አዲስ ሪሲቨር ከመግዛት በፊት

በኮኪት ከተማ ሆቴል ወይም ሻይ ቤት የከፈተ ነጋዴ ያለ ቴሌቪዥን ደንበኛን ለማቆየት ይቸገራል። ስለዚህ የስልክ ኩባንያ ኢንተርኔትንና ቴሌቪዥንን አጣምሮ፣ አዲስ ሪሲቨር ጨምሮ በአንድ ሒሳብ ሲያቀርብለት አሮጌውን ለመለወጥ ይቸኩላል።

ይሁን እንጂ ሪሲቨር ብቻውን ሥዕል አያመጣም። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ቀድሞ በብዛት ይታዩ የነበሩት ከዐረብኛ ጣቢያዎች ጋራ፣ ወደ ምዕራብ በዞረ ዲሽ ነበር። ኢትዮሳት በ2012 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ግን በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ወደሚገኘው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ተዛውረዋል። እንግዲህ ለሱዳናዊው እንግዳ ዐረብኛውን፣ ለአገሩ ሰው አማርኛውን ለማሳየት የሚሻ ባለ ሆቴል ሁለት ዲሽ ያስፈልገዋል፤ ሁለቱን በማቀያየሪያ ከአንድ ሪሲቨር ጋራ ማገናኘት ይቻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ክፍያው ነው። የቆላው ገበያ የሚደራው ሰሊጥ ተሰብስቦ በሚሸጥበት ወራት ነው፤ የጣምራው አገልግሎት ሒሳብ ግን ገበያ በሚቀዘቅዝበት ክረምትም በየወሩ ይጠየቃል። የኢትዮሳት ጣቢያዎች በአንጻሩ ወርኃዊ ክፍያ የለባቸውም።

ስለሆነም አስተዋይ ነጋዴ ውሉን ከመፈረሙ በፊት ዲሹን በባለሙያ ያስመረምራል፤ የዓመቱን ክፍያ ደምሮም ከክረምቱ ገቢ ጋራ ያመዛዝናል። ችግሩ ከዲሹ አቅጣጫ ብቻ የመጣ እንደ ሆነ፣ አሮጌው ሪሲቨር ገና ሊያገለግል ይችላል።