የሽማግሌ መንገድ እስከ ካይሮ፦ የሕዝብ ለሕዝብ ዲፕሎማሲ ምን ይሠራል?

ቆቦ፦ በራያ አርሶ አደርና በአፋር አርብቶ አደር መካከል በግጦሽ፣ በውኃ ወይም በከብት ዝርፊያ ጠብ ሲነሣ አስቀድሞ የሚንቀሳቀሰው የሀገር ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው ጦርም ማኅተምም የለውም፤ ያለው በሁለቱም ወገን መታመን ነው። ገበያ ሲታጠፍና መንገድ ሲዘጋ ማን ምን እንደሚያጣ ያውቃል።

በጎረቤት ሀገራት መካከልም ይህን መሰል ሥራ አለ። መንግሥታት ሲኮራረፉ የሃይማኖት አባቶች፣ ምሁራን፣ የሙያ ማኅበራትና የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች የሚያደርጉት ግንኙነት የሕዝብ ለሕዝብ ዲፕሎማሲ ይባላል። ጥቅሙንም ወሰኑንም የዓባይ ጉዳይ በግልጽ ያሳያል።

ከካይሮ የመጡት እንግዶች

ግንቦት 6 ቀን 2002 ዓ.ም ኢትዮጵያ፣ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳና ታንዛኒያ የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነትን ኢንቴቤ ላይ ፈረሙ፤ ግብፅና ሱዳን ተቃወሙ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም የሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ ውጥረቱ ተባባሰ።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር፣ የሆስኒ ሙባረክ አገዛዝ በወደቀ ማግስት፣ የግብፅ ሕዝባዊ ልዑክ አዲስ አበባ ገብቶ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊን አነጋገረ። እርሳቸውም ግብፃውያን አዲስ መንግሥት እስኪመርጡ ድረስ የስምምነቱን መጽደቅ ለማዘግየት ተስማሙ። ልዑኩ ውል የመፈረም ሥልጣን ባይኖረውም ጊዜ አስገኝቷል።

ጊዜ ብቻውን ግን ዕርቅ አይሆንም። በግንቦት 2005 ዓ.ም መጨረሻ ከፕሬዚዳንት ሙሐመድ ሙርሲ ጋር የተሰበሰቡ የግብፅ ፖለቲከኞች፣ ግድቡን ስለማደናቀፍ ሲመክሩ በቀጥታ የቴሌቪዥን ሥርጭት ተሰሙ። ሰኔ 6 ቀን የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስምምነቱን አጸደቀ።

የመልስ ጉዞ

በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም በወቅቱ አፈ ጉባኤ አባዱላ ገመዳ የተመራ የኢትዮጵያ የሕዝብ ዲፕሎማሲ ልዑክ በተራው ወደ ካይሮ ተጓዘ። በመጋቢት 14 ቀን የኢትዮጵያ፣ የግብፅና የሱዳን መሪዎች ካርቱም ላይ የመርሆዎች መግለጫ ፈረሙ። ፊርማውን ያስገኘው የልዑኩ ጉዞ ነው ማለት አይቻልም፤ የመንግሥታቱ ድርድር በራሱ መንገድ ይካሄድ ነበር። ጉዞው ያደረገው መነጋገር የሚቻልበትን መንፈስ ማገዝ ነው። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ሲመረቅም ሦስቱ ሀገራት በውኃ አለቃቀቁ ላይ አስገዳጅ ስምምነት አልነበራቸውም።

የሕጉ ድርሻ

ማኅበራት ለዚህ ሥራ የሕግ ከለላ ያስፈልጋቸዋል። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 መሠረት ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በግጭት አፈታትና በዕርቅ ሥራ እንዳይሰማሩ ተከልክለው ነበር። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ክልከላውን አንሥቷል።

ለቆቦ ምን ይነግረናል?

የጎሊና ወንዝ ከምዕራቡ ተራራ ወርዶ ወደ አፋር ይዘልቃል። የቆቦ ገበሬ ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን ሲያጠጣ ለአፋሩ የላይኛው ተፋሰስ ባለቤት እርሱ ነው። ኢትዮጵያ ለግብፅ የምትሰጠው መልስ ለእርሱ ባዕድ አይደለም፤ ውኃው ሳይደርሰው የሚቀር ሰው የሚሰማውን ሥጋትም ያውቃል። የዓባይ ታሪክ የሚያስተምረው ሽማግሌ በር እንደሚከፍት፣ ውሉን ግን ሥልጣን ያለው አካል ማሰር እንዳለበት ነው። በሩ ተከፍቶ ውል ሳይታሰር ከቀረ፣ የሚቀጥለው የድርቅ ዓመት ያንኑ ጠብ መልሶ ያመጣዋል።