ጥርስ ማቃናት ሕክምና ነው ወይስ ጌጥ?

ባለፈው ሰሞን በምግብ አዳራሻችን ከተነሡት ክርክሮች አንዱ ስለ ጥርስ ማቃኛ ሽቦ፣ ማለት ብሬስ ስለምንለው ነገር ነበር። አንድ የሕግ ተማሪ «አንዱ መልኩን ለሚያሳምርበት ሌላው የኢንሹራንስ ከፋይ ለምን ገንዘብ ያዋጣል?» ቢል፣ አንድ የሕክምና ተማሪ «ጥርስ የአካል ክፍል አይደለምን?» ሲል መለሰለት። እንደ ልማዳቸው ጮኹ እንጂ አልተስማሙም። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ጥርስ ነቅለን ባናውቅም፣ «ለሕክምና አስፈላጊ» የሚለው ቃል ስለ ከነከነን፣ ነገሩ በሌላ አገር እንዴት እንደሚወሰን መመርመር ጀመርን።

በሁለቱ ጫፎች ላይ ክርክር የለም። ከንፈሩ ወይም ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን ጥርሱ ይቃናለት ቢባል የሚቃወም አይገኝም፤ አንዲት ጥርሱ ጥቂት ዞር ላለችበት ጎረምሳም ኢንሹራንስ ይክፈል የሚል ብዙ አይሆንም። ችግሩ በመካከል ላሉት ነው። የላይኛው የፊት ጥርስ አልፎ የወጣ ልጅ ሲወድቅ ጥርሱ የመሰበር ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል፤ ይህ የተረጋገጠ ነው። ነገር ግን ጠማማ ጥርስ ሁሉ ይበሰብሳል የሚባለው በቂ ማስረጃ የለውም፤ መበስበሱን ይበልጥ የሚያመጣው ስኳርና አለማጽዳት ነው። እንግዲያስ አብዛኛው ሰው ሽቦ የሚሻው ለመልኩ ነው ማለት ነው። መልክ ደግሞ ምን ያህል እንደየአገሩ እንደሆነ እኛ እናውቃለን። በእኛ ዘንድ ፍንጭት ውበት ናት፤ በሌላ አገር ግን ወላጅ እርስዋን ለማስዘጋት ገንዘብ ይከፍላል።

ፍርዱ ለእያንዳንዱ ሐኪም ዓይን ቢተው አንዱ አፍ በአንድ ቦታ ሕመም፣ በሌላው ቦታ ደም ግባት ሊሆን ነው። ስለዚህ ወደ ማስመሪያ ሄዱ።

በእንግሊዝ አገር ብሩክና ሾው የተባሉ ሁለት ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 አምስት ደረጃ ያለው መለኪያ አወጡ። ደረጃውን የሚወስነው በአፍ ውስጥ ከተገኘው ጉድለት የከፋው አንዱ ብቻ ነው። ለምሳሌ የላይኛው የፊት ጥርስ ከታችኛው ከ9 ሚሊሜትር በላይ ቢቀድም 5ኛ ደረጃ፣ ከ6 በላይ እስከ 9 ቢሆን 4ኛ ደረጃ ይሰጠዋል። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ሆኖ 4ኛ ወይም 5ኛ ደረጃ ያገኘ ልጅ በመንግሥት ሕክምና ይቃናለታል። 3ኛ ላይ የቆመው ደግሞ ከመልካሙ እስከ አስከፊው በተደረደሩ 10 ፎቶግራፎች ይመዘናል፤ 6ኛውንና ከዚያ በላይ ያለውን ከመሰለ ያልፋል። በፎቶግራፍ መመዘኑ መጀመሪያ አሳቀን። በኋላ ግን መልክም እንደሚቈጠር ሳይሸሽጉ መናገራቸውን ወደድንላቸው።

አሜሪካኖች በዚህ ፈንታ ይደምራሉ። ድሬከር የሚባል ሐኪም በ1960 ያወጣውን የነጥብ መለኪያ፣ ካሊፎርኒያ እንደሚስማማት አሻሽላ ለድኾች በተቋቋመው የመንግሥት ኢንሹራንስ ትሠራበታለች። ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች የሆነ 26 ነጥብ ካገኘ ሽቦው ይከፈልለታል። የላንቃ መሰንጠቅና ጥቂት ሌሎች ከባድ ጉዳቶች ያለ ድምር ያሳልፋሉ።

አሁን እርሳስ አንሥተን እንደምር። አንድ ልጅ የላይኛው ጥርሱ 7 ሚሊሜትር ወደ ፊት ወጥቶአል፤ 7 ነጥብ። የታችኛውን 4 ሚሊሜትር ሸፍኖ ይወርዳል፤ 4 ነጥብ። የፊት ጥርሶቹ ከላይም ከታችም ተጨናንቀዋል፤ ለእያንዳንዱ 5፣ በጠቅላላው 10። በአንድ ወገን የኋላ ጥርሶቹ ተዛንፈው ይገጥማሉ፤ 4 ነጥብ። ድምሩ 25 ነው። ልጁ ወደቀ! ይኸው ልጅ በእንግሊዝ አገር ቢኖር ግን በዚያችው 7 ሚሊሜትር ብቻ 4ኛ ደረጃ አግኝቶ ባለፈ ነበር። አፉ ያው ነው፤ የተለየው ማስመሪያው ነው።

የሕክምና ጓደኛችን ይህን ስናሳየው «ማስመሪያውን ወዲያ ጣሉት» አለ። በዚህ አንስማማም። ማስመሪያ ባይኖር የሚጠቀመው አንደበተ ርቱዕ ወላጅ ያለው ልጅ ነው። ጉድለቱ ማስመሪያው ጥርስን እንጂ፣ በትምህርት ቤት አፉን በእጁ ሸፍኖ የሚስቀውን ልጅ አለመለካቱ ነው። ካሊፎርኒያም ይህን ሳታስብ አልቀረችም፤ ነጥቡ ያልሞላለት ልጅ በአነጋገሩ፣ በአበላሉ ወይም በአእምሮው ላይ የደረሰው ችግር በባለሙያ ጽሑፍ ከተረጋገጠ በልዩ ሁኔታ ሊፈቀድለት ይችላል። ይህን መንገድ የማያውቅ ወላጅ ግን «25» የሚለውን አንብቦ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

እኛ ያቀረብነው ሐሳብ፣ ለ26 ጥቂት የጐደለው ልጅ ሁሉ ወላጁ ሳይጠይቅ ይህ ሁለተኛ ምርመራ ይደረግለት የሚል ነው። የሕግ ተማሪው «ጥቂት ማለት ስንት ነው?» ሲል ጠየቀን። «ከ20 ጀምሮ» አልነው።

«19 ያገኘውስ?» አለን።